ኬሞ በወሰዱ በ11ኛው ቀን የመጣ ትኩሳት

የደረሰኝ ጥያቄ ከመሐል ሜዳ አካባቢ የተላከ ሲሆን ባጭሩ እንዲህ ይላል። «እናቴ 54 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ አዲስ አበባ እየተመላለሰች በየ21 ቀኑ ኬሞ ትወስዳለች። ሁለተኛውን ዙር በወሰደች በ11ኛው ቀን ሌሊት አንቀጠቀጣት፤ ግንባሯም ጋለ። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሽተን ቀባናት፣ ጭማቂውንም በቡና አጠጣናት፣ ፓራሲታሞል ሰጥተን በባና ሸፍነን አላብናት። ሲነጋ ቀለል አላት። ከሰዓት በኋላ ሲመለስባት በአቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ደሟ ታይቶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለና የሚዋጥ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን መቀባዠር ስትጀምር ደብረ ብርሃን አደረስናት፤ ስድስት ቀን ተኝታ ዳነች። አሁን ሦስተኛው ዙር ደርሷል። አክስቴ መድኃኒቱ ነው ሊገድላት የነበረው፣ ይቅርባትና ጠበል ትግባ ትላለች፤ እናቴ ደግሞ ፍልሰታን ካልጾምኩ ትላለች። ትቀጥል ወይስ ታቁም? ብትቀጥልስ ቤት ውስጥ እንዴት እንያዛት?»

እናትዎን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልዎ። ምላሼን ከአክስትዎ አነጋገር የምጀምረው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ትኩሳቱ እንዲመጣ መንገድ የከፈተው በእርግጥ ኬሞው ነው። እናትዎን ከሞት አፋፍ ያደረሳቸው ግን ትኩሳቱ ከጀመረበት ሌሊት አንሥቶ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በደም ሥራቸው እስኪገባ ድረስ ያለፈው ጊዜ ነው። መድኃኒቱን ማቆም የመጀመሪያውን ችግር ያስቀራል፤ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ያልተገኘ፣ በዓይንም በራጅም የማይታይ የካንሰር ዘር በሰውነት ውስጥ ቀርቶ ከሆነ እሱን የሚያሳድደው መድኃኒት አብሮ ይቀራል። ሁለተኛውን ችግር፣ ማለትም የባከነውን ጊዜ፣ ማስቀረት ግን በእናንተ በቤተሰቡ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቃሌን የማውለው በእሱ ላይ ነው።

ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይመታል። ካንሰሩ በፍጥነት ይባዛል፤ ነገር ግን የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን፣ ከሁሉም በላይ ደም የሚሠራው መቅኒ እንዲሁ በፍጥነት ይባዛሉ። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ባክቴሪያን ቀድሞ የሚገጥመው ኒውትሮፊል የሚባለው ነው፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ መቅኒው ለጥቂት ቀናት ሥራ ሲያቆም ቁጥሩ ወዲያው ያሽቆለቁላል። ማሽቆልቆሉ በወሰዱበት ቀን አይታይም። ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይነሣል፤ ቀጠሮው በየ21 ቀኑ የሆነውም መቅኒው እንዲያገግም ነው። እናትዎ በ11ኛው ቀን መታመማቸው እንግዲህ ድንገተኛ አጋጣሚ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር «በዚህ ሳምንት ነው መጠንቀቅ» ሊል የሚችልበት ቀን ነበር።

የደም ቆጠራ ወረቀት በእጅዎ ካለ አንድ ስሌት ላሳይዎ። ጠቅላላው ነጭ የደም ሴል 1,200 ሆኖ ከእሱ ውስጥ ኒውትሮፊሉ 25 ከመቶ ነው ከተባለ፣ ኒውትሮፊሉ 300 ነው ማለት ነው። ከ500 በታች ሲወርድ ከውጭ የመጣ ነገር ሳያስፈልግ፣ ሁልጊዜ በአንጀትና በአፍ ውስጥ በሰላም የሚኖረው የራስ ባክቴሪያ በቆሰለው ሽፋን በኩል ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ማን ብርድ አስመታት፣ ማን ቆሻሻ ነገር አበላት» እያላችሁ እርስ በርስ አትወቃቀሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር እዚህ ላይ ነው። መግል ማለት በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው፤ ኒውትሮፊል ከሌለ መግልም የለም። ሳንባው ተመርዞ ሳለ አክታ ላይኖር፣ ቁስሉ ተበክሎ ሳለ እምብዛም ላይቀላ፣ ሽንቱ ተበክሎ ሳለ በምርመራ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሽተኛው «ትንሽ አተኮሰኝ እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም» ይላል፤ ቤተሰቡም ይረጋጋል። በእናትዎ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ግን ትኩሳቱ ብቻውን በቂ ምልክት ነው፤ ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ መጠበቅ ያን ሦስት ቀን መድገም ነው።

አሁን ያደረጋችሁትን አንድ በአንድ ልመልከተው፤ ለወቀሳ አይደለም፣ ዘንድሮም ከርሞም በየቤቱ የሚደረገው ይኸው ስለሆነ ነው። ዳማከሴውን መቀባቱ ያመጣው ጉዳት የለም፤ ጉዳቱ ሌሊቱን መውሰዱ ነው። ጭማቂውን ማጠጣት ግን ይቅር፤ ኬሞው በጉበት በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ መጠኑ የማይታወቅ የቅጠል ጭማቂ፣ ኮሶ ወይም በማር የተለወሰ ሥር በእነዚህ ወራት ውስጥ ሐኪሙ ሳያውቀው መወሰድ የለበትም። ባና ደራርቦ ማላብ፣ የመንዝ ብርድ ምን እንደሚመስል ባውቅም፣ በትኩሳት ላይ ላለ ሰው የሰውነት ውኃን ያሟጥጣል፤ ባክቴሪያውን ግን አይነካውም። ፓራሲታሞሉ ከሁሉ በላይ አታልሏችኋል፦ ሙቀቱን አወረደው፣ «ቀለል አላት» አሰኛችሁ፣ በሽታው ግን በደማቸው ውስጥ እየተባዛ አደረ። ከእንግዲህ ሙቀቱ ሳይለካና ሳይጻፍ፣ ወደ ሕክምና ለመሄድም ሳይወሰን ፓራሲታሞል አይሰጥ።

ስለ ክሊኒኩ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። በአገራችን ትኩሳት ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ለዚህ የሚያገለግሉት ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች ርካሽና ፈጣን ናቸው፤ ቀድሞ በሌላ ምክንያት የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ባለበት ሰው ላይም «አለ» ብለው ሊያሳዩ ይችላሉ። ለጤነኛ ጎልማሳ ስሕተቱ የጥቂት ቀን ኪኒን ያስከፍላል፤ ኬሞ ለወሰደ ሰው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በር ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ትኩሳት አላት» መሆን የለበትም። «ካንሰር ታማ ኬሞ ከወሰደች 11 ቀኗ ነው፣ አሁን 38.4 አተኮሳት» በሉ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሰማ የጤና ባለሙያ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ የሚያዘውም የመጀመሪያ ምርመራ የደም ቆጠራ ይሆናል።

ስለዚህ የሚገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ቴርሞሜትር ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው ባለ ቁጥሩ፣ በባትሪ የሚሠራው ይበቃል። በግንባር ላይ እጅ ጭኖ መገመት አያስተማምንም፤ በተለይ በብርድ አገር፣ ከምድጃ ዳር የተነሣ እጅ ሁሉን ያቀዘቅዛል፣ ከውጭ የገባ እጅ ደግሞ ሁሉን ያግላል። ከምላስ ሥር ይለካ፤ ትኩስ ነገር ከጠጡ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ። አፋቸው ቆስሎ ከሆነ በብብት ይለካ፤ ነገር ግን የብብት ልክ ከአፍ ልክ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ስለሚል 37.5 ካሳየ ጥቂት ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል። በፊንጢጣ ፈጽሞ አይለካ፤ በዚያ በኩል የሚሰጥ መድኃኒትም ሆነ ማጠቢያ በእነዚህ ቀናት ክልክል ነው፤ ትንሽ ጭረት የባክቴሪያ በር ይሆናልና። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 15ኛው ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከዚያም ውጭ ብርድ ብርድ ባላቸው ጊዜ ሁሉ ይለካ፤ ቀኑም ሰዓቱም በደብተር ይጻፍ።

አንድ ጊዜ 38.3 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም 38.0 ሆኖ ለአንድ ሰዓት ከቆየ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን መነሣት ነው። ቁጥሩ ሳይደርስም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ መቀባዠር፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲነሡ ዓይን መጨለም ወይም ሽንት መጥፋት ከታየ እንደ ትኩሳት ይቆጠር። ይህን የምለው የማስታወክ መከላከያ ተብሎ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል ነው።

ወዴት? ለሚለው ጥያቄ የቤተሰብ ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳብ «ወደ ጀመሩባት ሐኪሞች፣ ወደ አዲስ አበባ» የሚል ነው። ተረዳሁ፤ ፋይሉ እዚያ ነው፣ የሚያውቋቸው እዚያ ናቸው። ነገር ግን ከመሐል ሜዳ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር መውጣት፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን መድረስ፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር መጓዝ፣ በዚያ ላይ የሐምሌ ጭጋግና ጭቃ ሲጨመርበት የሚወስደውን ሰዓት እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በዚህ ሕመም የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሕክምና ተቋም በደረሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መግባት አለበት ተብሎ ነው የምንሠራው። ስለዚህ መጀመሪያ መርፌው በአቅራቢያ ካለ ሆስፒታል ይወሰድ፤ መንገዱ ከዚያ በኋላ ይታሰብበት። መሐል ሜዳ ሆስፒታል ከቀረባችሁ እዚያው ይጀመር። እነሱም የደም ቆጠራውን አይተው፣ የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ተመልክተው፣ ወደ ደብረ ብርሃን መላክ ይገባ እንደሆነ ይወስናሉ።

ከጤና ጣቢያ ያለፈ ነገር በአቅራቢያ ከሌለስ? ለዚህ ሁኔታ የምንመርጣቸው እንደ ሴፈፒም ወይም ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ያሉት አንቲባዮቲኮች ጤና ጣቢያ ላይገኙ ይችላሉ። ሴፍትሪያክሶን ግን በአብዛኛው አይጠፋም። ተመራጩ ባይሆንም፣ ባለሙያው አለርጂ አለመኖሩን ጠይቆ በደም ሥር ሰጥቶ ቢልካቸው፣ ምንም ሳይወስዱ ሰዓታት ከመጓዝ እጅግ ይሻላል። በጡንቻ የሚወጋ መርፌ ግን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት አርጊ ሕዋሳት ወርደው ከሆነ ውስጥ ለውስጥ ስለሚያደማ ይቅር። በቅርቡ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደው አድረው ከሆነ የወባ ምርመራም ይጨመር፤ ውጤቱ ግን አንቲባዮቲኩን ማዘግየት የለበትም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪማቸውን አንድ ወረቀት አስጽፉ፤ ማኅተም ቢኖረው ይመረጣል። ይዘቱ ከዚህ ብዙ መራቅ የለበትም፦ «ታካሚዋ ኬሞቴራፒ እየወሰዱ ነው፤ የመድኃኒቶቹ ስም ይህ ነው፤ የመጨረሻው የወሰዱበት ቀን ይህ ነው። ትኩሳት ይዘው ከመጡ ፌብራይል ኒውትሮፔኒያ (ኒውትሮፊል በወረደበት ጊዜ የሚመጣ ትኩሳት) ተብሎ ይታሰብ፤ የደም ቆጠራና ከተቻለ የደም ከልቸር (በደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ይወሰድ፤ ውጤቱ ሳይጠበቅ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይጀመር።» ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ራሳቸው ዘንድ፣ በቦርሳ ወይም በመቀነት ይቀመጥ፤ በሳጥን የተቆለፈ ወረቀት ሌሊት ቁልፍ ሲፈለግለት አይቻለሁ። ቅጂው በእርስዎ ስልክ ፎቶ ይነሣ። የሚወስዳችሁ መኪና ባለቤት ስልክም ከወዲሁ ይያዝ፤ የአምቡላንሱም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ? ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ኬሞ ለማዳን ታስቦ የሚሰጥ ነው፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ትኩሳት መምጣቱ ብቻውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ያንኑ መጠን በዚያው ሁኔታ መድገምም ትክክል አይደለም፤ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ዳግመኛ ሊደርስበት ይችላልና። ሐኪሙ ሦስት መንገድ አለው፦ ቀኑን ጥቂት መግፋት፣ መጠኑን መቀነስ፣ ወይም መቅኒውን የሚያነቃቃ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ማከል። ለማዳን በሚሰጥ ሕክምና መጠኑን ጠብቆ መርፌውን ማከል ይመረጣል ባይ ነኝ፤ መጠን መቀነስ መርፌው ሳይገኝ ሲቀር ወይም ሌላ አካል ሲጎዳ የሚመጣ አማራጭ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ሐኪሙ የሆነውን ማወቅ አለበት። ብዙ ታካሚዎች «ቀጠሮዬን እንዳያራዝሙብኝ» ብለው ሌላ ሆስፒታል መተኛታቸውን ይደብቃሉ። ከደብረ ብርሃን የተሰጣችሁን የመውጫ ወረቀት፣ በተለይ የደም ቆጠራውን፣ ሳትረሱ ይዛችሁ ሂዱ።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ቆጠራ ይታያል፤ በአብዛኛው ኒውትሮፊሉ ከ1,500 በላይ፣ አርጊ ሕዋሱ ከ100,000 በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ከተቻለ ይህን ቆጠራ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት በነበረው ቀን ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ደብረ ብርሃን አሠሩት፤ ሐኪማችሁ ይቀበለው እንደሆነም በስልክ ጠይቁ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ለማደሪያ ከፍሎ፣ «ደምሽ አልደረሰም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» መባል ኪስንም ልብንም ይጎዳል።

ፊልግራስቲም ከታዘዘ ኬሞው ካለቀ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይጀመርና ከቆዳ ሥር በየቀኑ ለተወሰኑ ቀናት ይወጋል። ይህ ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነገር ስለሆነ ለዚያ ብላችሁ አዲስ አበባ አትክረሙ። ችግሩ ማጓጓዙ ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት። በሻይ ፔርሙስ ወይም በክትባት ሣጥን ከበረዶ ጋር ይያዝ፤ ነገር ግን በረዶው እንዳይነካው በጨርቅ ይጠቅለል፤ የረጋ መድኃኒት ሊበላሽ ይችላል። «የእኛ አገር ራሱ ፍሪጅ ነው» ብሎ በመስኮት ደፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሌሊት የመንዝ ቁር ሊያረጋው፣ ቀን ፀሐዩ ሊያሞቀው ስለሚችል አያስተማምንም። ከጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ቦታ ለምኑ። መርፌው ወገብንና ጭንን ይቆረጥማል፤ መቅኒው ሥራ መጀመሩ ነው፤ ለቁርጥማቱ ፓራሲታሞል ከመዋጥ በፊት ግን ቴርሞሜትሩ ይቅደም።

ቤት ውስጥ ስለሚደረገው እንግዲህ ጥቂት ልጨምር። በወሰዱበት ቀንና በማግስቱ ሽንታቸው ቀይ ከሆነ አትደንግጡ። በየ21 ቀኑ ከሚሰጡት መካከል ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ቀለሙ በሽንት ይወጣል። በሁለት ቀን ካልጠራ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ይነገር። በእነዚህ 48 ሰዓታት ሽንትም ትውከትም የመድኃኒት ቅሪት ስላለው የሚያጥብ ሰው ጓንት ያድርግ፣ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን አይንካው። ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ አብሮት የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን ያቃጥላል፣ ውኃው ያጥበዋል። መድኃኒቱ የገባበት ክንድ ካበጠ፣ ካቃጠለ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሳይዘገዩ ያሳዩ፤ ዶክሶሩቢሲን ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ይበላል።

የማቅለሽለሽ መድኃኒታቸውን «ሲብሳቸው» እንደምትሰጧቸው አልነገሩኝም፤ ብዙ ቤት የሚደረገው ግን እንዲያ ነው። ስሕተት ነው። ኦንዳንሴትሮንም ሆነ ዴክሳሜታዞን በታዘዘው ሰዓት የሚወሰዱት ትውከቱን ቀድሞ ለመያዝ ነው፤ ከጀመረ በኋላ ኪኒኑ ራሱ አብሮ ይወጣል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን የሚመጣው ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ በአንደኛው ቀን ደህና ሆነው ስለዋሉ አታቁሙት። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ ሦስት ቀን ሆዳቸው ካልሄደ ለሐኪማቸው ንገሩ። ሽታ ጠላታቸው ነው፦ ቡናው በጓዳ ወይም በጎረቤት ይቆላ፣ የሚነጠር ቅቤና የሚቁላላ ወጥ ከሚተኙበት ይራቅ። ትኩስ ምግብ ይሸታልና በእነዚያ ቀናት ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይሻላቸዋል፤ የገብስ በሶ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ተበጥብጦ፣ አጥሚት፣ ድንች፣ በርበሬው የቀለለ ሽሮ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ።

አፋቸው የሚቆስለው ኬሞውን ከወሰዱ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ይጉመጥመጡበት፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። መፋቂያው ለጊዜው ይቀመጥና ለስላሳ ብሩሽ ይተካው። ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር በምላስ ላይ ከታየ ፈንገስ ነውና መድኃኒት አለው። ውኃ መዋጥ ካቃታቸው ግን የቤት ነገር መሆኑ አብቅቷል።

ምግቡ ይብሰል፤ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የወጣ አይብ ይቅሩ። ቤት ውስጥ የእናት እጅ ሥራ አያርፍም፤ ነገር ግን ኩበት መጠፍጠፍና ጉረኖ መጥረግ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ጠያቂ ይመጣል፣ ይሳሳማል፣ ይከማቻል፤ የታመመ ሰው ጠያቂ ማጣቱም ሌላ ሕመም ስለሆነ በር ዝጉ አልልም። በዚያ ሳምንት ጉንፋን የያዘው አይግባ፣ የገባው እጁን ይታጠብ፣ መሳሳሙ በእጅ መነሣት ይተካ።

ፍልሰታን በተመለከተ፣ ምግቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር፤ ምስርና ባቄላ፣ ሽምብራና ተልባ በቂ ፕሮቲን ይሰጣሉ። የሚጎዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየቱና የመድኃኒቱ ሰዓት መዛባቱ ነው። ልጅ ለእናት «አትጹሚ» ቢል ላይሰማ ይችላል። የንስሐ አባታቸውን ጥሩና ሁኔታውን በፊታቸው አስረዱ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላትን ሥርዓት የሚነግሯቸው እሳቸው ናቸው፤ ከእኔም ከእርስዎም ቃል ይልቅ የእሳቸው ያሳርፋቸዋል። ጠበሉም እንደዚያው ነው። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም መሄድ ከፈለጉ አልከለክልም፤ ነገር ግን ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕዝብ በተጨናነቀበት ማደር፣ በብርድ ውኃ መጠመቅ፣ በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ አይስማማቸውም። ቀኑ ከቀጣዩ ዙር በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ይሁን፣ ቴርሞሜትሩና ወረቀቱ አብረው ይሂዱ፣ ቀጠሮውም አይለፍ። አክስትዎንም በሚቀጥለው ጉዞ ይዘዋቸው ቢሄዱና ሐኪሙን ራሳቸው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፤ የሚፈሩት ለእህታቸው ነውና።

ከትኩሳት ሌላ በዚያው ሌሊት የሚያስነሡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መቆጥቆጥ፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ነስር ወይም ጥቁር ሰገራ፣ በቀን ከስድስት ጊዜ በላይ የሚመላለስ ተቅማጥ። ለተቅማጡ መንገድ ላይ ሳሉም ኦ አር ኤስ ይጠጡ፤ ማቆሚያ ኪኒን ግን ትኩሳት ካለ አትስጡ።

በመጨረሻ፣ ከአራተኛው ዙር በኋላ መድኃኒቱ ወደ ፓክሊታክስል የሚቀየር ከሆነ ሌላ ነገር ጠብቁ። ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቁርጥማት ይመጣል፤ ከዙር ዙር ደግሞ ጣቶች እየደነዘዙ ይሄዳሉ፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ እግር ጥጥ የረገጠ ይመስላል። ይህን ለሐኪም ሳይናገሩ መቻል ጀግንነት አይደለም፤ መጠኑ በጊዜ ካልተስተካከለ ድንዛዜው ሊቀር ይችላል። አንዲት እናት በክረምት እግራቸውን ከምድጃው ፍም አጠገብ ዘርግተው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ያነቃቸው ሕመም ሳይሆን የተቃጠለ የካልሲ ሽታ ነበር፤ የግራ አውራ ጣታቸው ሥር ያለው ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እናትዎ ከምድጃው አንድ ክንድ ያህል ይራቁ፣ ካልሲ አድርገው ይቀመጡ፤ ማታ ማታ እግራቸውን ሲያጥቡላቸው የውኃውን ሙቀት በእርስዎ ክንድ ይለኩ፤ በጣቶቹ መካከልና ተረከዙን በመብራት ይመልከቱላቸው።